የግቢያችን ሳር ሞቷል ወይስ ተኝቷል? (ቱሉ ዲምቱ፣ ዋልካ አፈር)

የቱሉ ዲምቷ | መጋቢት 14

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግቢ ሳር የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ስድስት በስምንት የሆነ ሳር አለን፤ 48 ካሬ መሆኑ ነው። የተከለው አባቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐምሌ ላይ ሆለታ ካለ ወዳጁ ግቢ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ኪኩዩ ሳር ይዞ መጣ። ዝናቡ እየወረደበት፣ ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ፣ አንድ በአንድ በጣቱ እየቀበረ ተከለው። አራት ቀን ፈጀበት። "አባዬ፣ ሰው እንቅጠር" ብለው እምቢ አለ። መስከረም ሲጠባ ግቢው አረንጓዴ ነበር። ያን ዓመት እንቁጣጣሽን ሳሩ ላይ ቡና አፍልተን ነው ያሳለፍነው።

ዘንድሮ አባቴን ጉልበቱን አሞታል። ማጎንበስ አይችልም። ስለዚህ ሳሩ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። እኔ ደግሞ ሥራዬ መሀል ከተማ ነው፤ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢጫ እያለ መጣ። የካቲት ላይ ጭራሽ ገለባ መሰለ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ያየዋል። ምንም አይለኝም። እሱ ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

አፈራችን ጥቁር ዋልካ ነው። አሁን እንዲህ ተሰነጣጥቆ፣ አንዱ ስንጥቅ እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ ያስገባል። በሩ አጠገብ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ የተደፋ ገረጋንቲ ከሥር አለ፤ እዚያ ጥግ ላይ ሳሩ ድሮም ደስ ብሎት አያውቅም። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣልን፣ እሱም ሌሊት። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አለን። ለሰው እንጂ ለሳር የሚተርፍ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ጣለ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የአፈሩ ሽታ ቤት ድረስ ገባ። አባቴ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለ። አርብ ጠዋት ሮጬ ወጥቼ አየሁት። ምንም የለም፤ ያው ገለባ ነው።

አሁን ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። አንዷ ጎረቤቴ "ለኩሽበት፣ ገጠር እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ አዲስ ይበቅላል" አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ዩሪያ በትኚበት ትላለች። የውጭ አገር ቪዲዮ ሳይ ደግሞ በዚህ ወር "ሳሩን አጥብቃችሁ ቧጥጡት፣ አዲስ ዘር ዝሩበት፣ ኖራ አድርጉበት" ይላሉ። ይህ ሁሉ ሳይበቃ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አጎቴ በግ ቀደም ብሎ ያመጣል፤ የሚታሰረውም እዚያው ሳሩ ላይ ነው።

ሞቷል ወይስ ይድናል? ነቅዬ ክረምት ላይ እንደገና ልትከለው? እውነቱን ንገሩኝ። ከሞተም ለአባቴ እኔ ራሴ ልነግረው እፈልጋለሁ።

---

ሰሚት 72 | መጋቢት 14

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ሦስት ዓመት ታገልኩ። በመጨረሻ ግማሹን ኮብልስቶን አነጠፍኩበት፣ ግማሹን ጌሾና ጤና አዳም ተከልኩበት። ለሳር የሚሆን ውሃ በሌለበት ሰፈር ሳር ማሳደግ ልብ ያደክማል። አባትሽም ቢሆኑ ጥላ ያለው ዛፍ ይሻላቸዋል ብዬ አስባለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም። ያደከመኝን ነው የነገርኩሽ።

---

የለገጣፎ አትክልተኛ | መጋቢት 15

ልጄ፣ ዛሬ ምንም አትንቀዪ። ምንም አታቃጥዪ። ዩሪያም አትበትኚ። መጀመሪያ እንየው።

ከ20 ዓመት በላይ የኖርኩት በአትክልተኝነት ነው፤ የኤምባሲ ግቢም የቀበሌ ግቢም ሠርቻለሁ። በየዓመቱ በዚህ ወር አንድ ሰው በሕይወት ያለ ሳር ነቅሎ ከውጭ በር ላይ ሲቆልል አያለሁ። አንጀቴ ነው የሚያርረው። በክረምት ያንኑ ሳር መልሶ በብር ይገዛል።

ኪኩዩ ስሙ የኬንያ ይሁን እንጂ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋም አገሩ ነው። በጋን ያውቀዋል። ውሃ ሲያጣ ቅጠሉን ያደርቅና ነፍሱን ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይሰበስባል። ከላይ የምታዪው ገለባ ቅጠሉ ነው። ሳሩ ያለው ከሥር ነው።

እንዲህ አድርጊ። ከሦስት ቦታ፣ ከመሀል፣ ከግድግዳው ሥርና ከበሩ በኩል፣ መሬት ላይ የሚሳበውን ግንድ ፈልጊ። እንደ እርሳስ ባይሆንም ከክብሪት እንጨት ይወፍራል፣ በየመሀሉ አንጓ አለው። ትንሽ ቁረጪና በጥፍርሽ ላጪው። ከውስጥ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ካለው፣ ስትጫኚው ጠንከር ካለና ትንሽ ካረጠበሽ፣ በሕይወት አለ። ከውስጥ ቡናማ ሆኖ ቀፎ ከሆነና እንደ ደረቅ ስንጥር ቀጭ ካለ፣ ያኛው ሞቷል። ከላይ ያለው ግንድ ሞቶም ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ፤ አንድ ጣት ያህል ቆፍረሽ ከአፈር በታች ያለውን ነጭ ግንድ እዪው። ኪኩዩ ከላይም ከታችም ይሄዳል። ከታች ያለው ነው የሚያድነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። አንድ ካሬ ሜትር በአራት ችካል ለዪ። በየሦስት ቀኑ አሥር ሊትር፣ የጀሪካን ግማሽ፣ ቀስ አድርገሽ አጠጪው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንጓው አረንጓዴ መርፌ ብቅ ካለ የቀረውም እንደዚያው ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት ነው። ስለዚህ አሥር ሊትር ጥሩ ዝናብ ነው። ለ48ቱም ካሬ ይህን ልስጥ ካልሽ 480 ሊትር ይፈልጋል፣ የሮቶሽ ግማሽ። ለዚህ ነው ሁሉንም አጠጪ የማልልሽ። ሐሙስ የዘነበው የግማሽ ሰዓት ዝናብ ደግሞ ዋልካ ላይ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልቀው። በማግሥቱ ሳር አይነቃም። ሁለትና ሦስት ደህና ዝናብ ይፈልጋል።

ቪዲዮውን ተይው። እዚያ አገር የሚተኛው ሳር የብርድ አገር ሳር ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ ነው የሚነቃው። የእኛ የሚነቃው ጥሙ ሲቆረጥለት ነው። ዘሩንም አትግዢ። ከውጭ የሚመጣው ዘር ብዙው የዚያው የብርድ አገር ሳር ነው፤ በበልግ ያምርሻል፣ በጋ ሲመጣ ይሄዳል። ኖራም ለኮምጣጣ አፈር ነው። ሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሚሆን ኖራ ይወዳል። የእናንተ ዋልካ ግን በአብዛኛው ኮምጣጣ አይደለም። በዚያው ምክንያት የምድጃ አመድም አታብዢበት።

በእኛ አቆጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፣ የሚወጣው ሰኔ 25። ብዙ ሰው ፀደይ ሲባል መስከረምና አደይ አበባ ነው የሚታየው፤ ያንን ወቅት የቀድሞዎቹ መፀው ነው የሚሉት። ለሳር ግን ስሙ ትክክል ነው። ኪኩዩ የሚነሳው አሁን፣ በልግ ሲጥል ነው። ችግሩ በልግ አይታመንም። አንድ ሳምንት ዘንቦ ሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ሳሩን የሚያደክም ሥራ አይሠራም። አጥብቆ መቧጠጥ፣ እስከ መሬት ማጨድ፣ ማቃጠል፣ ሦስቱም የሚቻሉት ውሃ በእጅሽ ከሆነ ብቻ ነው። ገጠር ሲያቃጥሉ ሰፊ የግጦሽ መሬት ነው። አንቺ ያለሽ 48 ካሬና ከእንጨት በር አጠገብ ነው። ላዩ ላይ የሚሳበው ግንድ አብሮ ይነዳል።

አሁን መሥራት የምትችዪው ሥራ አፈሩ ላይ ነው።

ስንጥቁን በውሃ ልዝጋው አትበዪ። በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ወይም ቢያንስ ሦስትና አራት ወር የተኛ ፍግ አምጪ። የተኛ ፍግ በእጅሽ ስትፈትጊው እንደ አፈር ይፈረከሳል፣ አይሸትም። ትኩስ እበት ከሆነ ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ያንን በወንፊት ነፍተሽ ስንጥቁ ውስጥ በእጅሽ ሙዪው፣ እየጠቀጠቅሽ ግን አይደለም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ዝናቡ መጥቶ ስንጥቁ ሲዘጋ የሞላሽው ብስባሽ ውስጥ ይቀራል። ከተማ ውስጥ ሰው ብዙ ብር የሚከፍልበትን ሥራ መሬቱ ራሱ ይሠራልሻል።

ከዚያ ቀዳዳ። የ12 ፌሮ አንድ ክንድ ያህል አስቆርጪ፣ ጫፉን አስሹዪ። በመዶሻ እየመታሽ እስከ 10 ሴንቲሜትር አስገብተሽ አውጪ። በየስንዝሩ አንድ። ለ48 ካሬ ብዙ ነው፣ በአንድ ቀን አትጨርሺውም፤ ሰው በሚበዛበት መንገድ ጀምሪ። ቀዳዳውንም በዚያው ብስባሽ ሙዪው። አሸዋ ብቻ አታድርጊ። ትንሽ አሸዋና ዋልካ ሲገናኙ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚወጣው።

መቼ ነው የሚሠራው? ደረቅ ሲሆን ፌሮው አይገባም፣ እጅሽንም ትጎጂያለሽ። ጭቃ ሲሆን ደግሞ የቀዳዳውን ግድግዳ እንደ ሸክላ ይለስነዋል፣ ሥር አያስገባም። አንድ ጭብጥ አፈር አንሺና ጨብጪው። በመዳፍሽ አሸት አሸት ስታደርጊው እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ገና ነው። ስትጫኚው ከተፈረከሰ ጊዜው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደህና ዝናብ በኋላ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ነው።

ዩሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለ በጉም የምለው አለኝ። ማታ እመለሳለሁ፣ አሁን ሰው እየጠበቀኝ ነው።

---

የቱሉ ዲምቷ | መጋቢት 15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለአባቴ አነበብኩለት። "ይሄ ሰው ያውቃል" አለ። ነገ ጠዋት ሦስቱንም ቦታ አያለሁ።

ሰሚት 72፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ዛፉንም አስቤበታለሁ። ግን ይሄ ሳር አባቴ የተከለው ባይሆን ኖሮ እኔም እንዳንተ ባደረግኩ ነበር።

---

የለገጣፎ አትክልተኛ | መጋቢት 15፣ ማታ

ቀጠልኩ። በጉን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ከሁሉም እሱ ያሳስበኛል።

በግ በተበተነ ዩሪያ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። ዩሪያ ከብትና በግ ሆድ ውስጥ በፍጥነት መርዝ ይሆናል፤ የላሰ በግ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፀረ አረምም ከረጨሽበት እንደዚያው፣ ሳሩን ለእንስሳ አትስጪ። ስለዚህ ፋሲካ እስኪያልፍ ዩሪያ ይቆይ። ሳሩም ቢሆን አሁን አይፈልገውም፤ ተኝቶ ያለ ሰው እህል አይጎርስም።

በግ አንድ ቦታ ታስሮ ከዋለ ገመዱ በሚደርስበት ልክ ክብ አድርጎ ይልጠዋል። ሽንቱ ያረፈበትም መሀሉ ይቃጠላል፣ ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ቀለበት ይሆናል። በሩ አጠገብ ገረጋንቲው ያለበት ጥግ ላይ እሰሩት። እዚያ የሚጎዳ ነገር የለም። በረቱን ስትጠርጊ ግን በጠጡን ሰብስቢው፣ ለክረምት ይሆንሻል።

ወደ ዩሪያ። ሳሩ ከግማሽ በላይ ሲያረነጉድና ዝናቡ ሲደጋገም ነው የሚሰጠው፤ ምናልባት ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፣ ኃይለኛ ነው። ለአንድ ካሬ አሥር ግራም ይበቃል። ለ48 ካሬ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሰው ግን "ትንሽ ነው" ብሎ ሁለት ኪሎ ይበትንና ግቢውን አመድ ያደርገዋል። ግማሽ ኪሎውን በሚዛን አስመዝኚ። ከአንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዪው፣ እንዲበተን ብቻ ነው አሸዋው። ግማሹን ከበረንዳ ወደ አጥር እየሄድሽ በትኚ፣ የቀረውን ከግራ ወደ ቀኝ። ቅጠሉ ደረቅ ይሁን፤ ጤዛ ላይ ከበተንሽ ፍሬው ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። ወዲያው ውሃ ያስፈልገዋል። ዝናብ ሲያጉረመርም በትኚ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ናይትሮጅኑ ወደ አየር ነው የሚሄደው፣ ሽታው ራሱ ይነግርሻል።

አረም ደግሞ። ሙጃ ብቅ ሲል በትንሽነቱ ንቀዪው። አበባ አውጥቶ ዘር ከጣለ ለሚቀጥለው ዓመትም ሥራ ሰጠሽ። እንግጫ ካለ፣ ግንዱ በጣት ሲዳሰስ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከነሥሩ ካልወጣ አይለቅም። ማገጥ ካየሽ ግን ተይው። ሦስት ቅጠሏ ማገጥ ናይትሮጅን ከአየር ወስዳ ለሳሩ ታካፍላለች። እኔ ደንበኞቼ እንዲነቅሏት አልፈቅድም።

---

ሱሉልታ ላይ ነኝ | መጋቢት 16

እኔ ከሱሉልታ ነኝ። እኛ ጋ ሳሩን የሚያደርቀው ውሃ ማጣት ብቻ አይደለም፣ ውርጭም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድራል። አንድ ጠዋት ልጄ ከቤት ወጥቶ በውርጩ ላይ ሮጠ። በሁለተኛው ቀን የእግሩ ዳና አንድ በአንድ ቡናማ ሆኖ ሳሩ ላይ ታተመ። እስከ ጥር ድረስ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ውርጭ ያደረ ሳር ፀሐይ እስክትመታው ማንም አይረግጠውም።

ለቱሉ ዲምቷ እህቴ ግን ተስፋ ልስጥሽ። የእኛ ኪኩዩ በውርጭ ሙሉ በሙሉ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከበልግ በኋላ በየዓመቱ ይነሳል። አምስተኛ ዓመቱ ነው።

አንድ ጥያቄ ለጋሼ፦ እኔ የልብስ አጠባ ውሃ ነው የማጠጣው። ጉዳት አለው?

---

የለገጣፎ አትክልተኛ | መጋቢት 16

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ውሃ፣ አረፋ ያለውን፣ አታፍስሺበት። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም አፈሩን ያጣብቀዋል፤ በተለይ ዋልካ ላይ ሲደጋገም ውሃ ማስገባት ያቆማል። የማለቅለቂያውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ውሃ መጠቀም ትችያለሽ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይሁን። በረኪና የነካው ውሃ ግን በፍጹም። የአትክልትና የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ምንም አይልም።

---

የቱሉ ዲምቷ | መጋቢት 17

አየሁት! ዛሬ ከሥራ አስቀድሜ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። በስልክ መብራት ነው ያየሁት።

ከመሀል የቆረጥኩት ግንድ ከላይ ደረቅ ነበር። በጥፍሬ ስልጠው ከውስጥ ነጭ ነው። ልክ እንደ ሽንኩርት ሥር ነጭ። ጣቴን አረጠበኝ። ከግድግዳው ሥር ያለውም እንደዚያው። በበሩ በኩል ያለው ግን ቀጭ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቆፍሬም ሌላ አላገኘሁም። ገረጋንቲው ላይ ደረስኩ።

ነጩን ግንድ ይዤ ገብቼ አባቴን ቀሰቀስኩት። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አስመጣና አገላብጦ አየው። "እኔ እኮ አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ፣ የሆለታ ሳር በቀላሉ አይሞትም" አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንደተቀየመኝ ነበር የማስበው።

ችካሉን ለይቼ ማጠጣት ጀምሬያለሁ። ለበጉም ቦታውን ለአጎቴ ነግሬዋለሁ።

---

ሰሚት 72 | መጋቢት 17

ደስ ብሎኛል። እውነት። ኮብልስቶን ካነጠፍኩ በኋላ ከቤቱ ጎን የቀረች አራት ካሬ የምታህል ደረቅ ሳር አለችኝ። ዛሬ ሄጄ ቆርጬ አየኋት። ነጭ ናት።

---

የቱሉ ዲምቷ | ግንቦት 9

ሰላም። የሆነውን ልንገራችሁ።

የችካሏ ካሬ በአሥራ አንደኛው ቀን ነቃች። ከአንዷ አንጓ ሁለት አረንጓዴ መርፌ ወጣ። ለቀረው ግን ዝናቡ አስጠበቀኝ። ፋሲካ ላይ ግቢው ገለባ ነበር። እንግዶች መጥተው "ሳራችሁ ምን ሆነ?" ሲሉ አባቴ "ተኝቷል" እያለ ይመልሳል። በጉ ጥጉ ላይ ታስሮ ነበር፤ አንድ ሌሊት አምልጦ መሀል ላይ ቢያድርም ብዙ አልጎዳውም፣ ሦስት ቀለበት ነው ያለው።

ከዚያ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዘነበ። ፍጥነቱ አይነገርም። ሰኞ ጠዋት ቡናማ የነበረው አርብ ማታ ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ጭጋግ የለበሰ መስሏል። ስንጥቁን ከዝናቡ በፊት ሞልቼው ነበር፤ ሰባት ማዳበሪያ ብስባሽ በላ። አሁን የነበረበት ቦታ ላይ ሳሩ ከሌላው ጠቆር ብሎ በመስመር ይታያል። የስንጥቁን ካርታ ሳሩ ላይ ማንበብ ይቻላል።

የፌሮውን ሥራ ሁለት ቅዳሜ ሠራሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቸኩዬ ጭቃ ላይ ጀመርኩ። አባቴ ከበረንዳ ሆኖ "ጨብጠሽ እዪው" እያለ ጮኸብኝ፣ አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ፈረከሰ። ፌሮው ሲገባ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። መሀሉን ጨርሻለሁ፣ የአጥሩ በኩል ይቀረኛል። እጄ ውሃ ቋጥሯል።

ዩሪያውን ሚያዝያ 29 በተንኩ፣ ግማሽ ኪሎ ሳይሞላ፣ ደመናው ሲከብድ። በሃያ ደቂቃ ዘነበ። ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨድነው። አባቴ ማጭዱን ሲስል ዋለ፣ ያጨድኩት እኔ ነኝ። ጋሼ እንዳሉት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ላለመውሰድ…

ይቅርታ፣ እንደዚያ አላሉኝም ነበር፣ አባቴ ነው ያለው። ልክ ነው ወይ? ከፍታውን ሦስት ጣት ያህል ተውነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የበሩ ጥግ፣ ገረጋንቲው ያለበት፣ ሦስት ካሬ ያህል ባዶ ነው። አሁን ልትከልበት?

---

የለገጣፎ አትክልተኛ | ግንቦት 9

አባትሽ ልክ ናቸው። ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛውን፣ አይበልጥም። ሦስት ጣትም ጥሩ ነው። አብልጠሽ ካሳጠርሽው ሥሩም አብሮ ያጥራል፣ በጋ ላይ ቶሎ ይጠማል። ክረምት ሲገባ ይቸኩላል፤ በየሳምንቱ ማጨድ ሊኖርብሽ ነው። ታች የተጠራቀመው ሙት ሳር እንደ ፍራሽ የሚያነጥር ከሆነ አንድ ጊዜ አሳጥረሽ ማጨድና መቧጠጥ ይቻላል፣ ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲደላደል። ከመስከረም በኋላ ይህን እንዳታደርጊ፤ ተራቁቶ በጋ ይገባበታል።

ጥጉ ይቆይ። ገረጋንቲውን መጀመሪያ አውጪው፣ አንድ ስንዝር ያህል ውረጂ። ሥራው ከባድ ስለሆነ ሰው ቅጠሪ፣ ዶማ ይፈልጋል። ጥሩ አፈርና ያጠራቀምሽውን የበግ በጠጥ ቀላቅለሽ ሙዪው። በክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ ይረፍ፣ ጎድጎድ ያለውን ድጋሚ ሙዪው። ከዚያ ሐምሌ ላይ ከራስሽ ሳር፣ ከመሀሉ፣ ሁለትና ሦስት አንጓ ያለው ግንድ ቁረጪ። ሁለቱን አንጓ ቅበሪ፣ አንዱ ከላይ ይታይ። በየስንዝሩ አንድ። በቆረጥሽበት ቀን ትከዪው፣ ካልደረሰልሽ ግን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ጥላ ውስጥ አሳድሪው። ለሦስት ካሬ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

---

የቱሉ ዲምቷ | ግንቦት 10

ለአባቴ ትናንት ማታ አነበብኩለት። ጠዋት ስወጣ ያን የሆለታውን ማዳበሪያ ከቆጥ አስወርዶ አጥቦ አጥሩ ላይ አስጥቶታል። "ገና ሁለት ወር አለው እኮ አባዬ" አልኩት። "ይድረቅ ብዬ ነው" አለኝ።